«መጣሁ» ብለው የሄዱት ሰው

የጋሽ ኡርማስን ሞት ያወቅሁት ከስልክ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን የምንገናኝበት የቴሌግራም ገጽ አለ። እዚያ ላይ ደሳለኝ ፎቶ ለጥፎ፣ ከሥሩ ሦስት የሚያለቅሱ ፊቶች ደርድሮ፣ «ታላቁ መምህራችን በአገራቸው በኤስቶኒያ ወደ ጌታ ተሰብስበዋል» ብሎ ጽፏል። ፎቶው ላይ ጋሽ ኡርማስ ግማሽ ፊታቸው ብቻ ይታያል። የቀረውን ቦታ ደሳለኝ ራሱ ይዞታል።

ደሳለኝ የኳየራችን መሪ ነው፤ ከጋሽ ኡርማስ በፊትም በኋላም። ብዙ ሳይቆይ ደወለልኝ።

«እህት አበራሽ፣ መታሰቢያው እሑድ ነው። ለሚናገር ሰው ሁሉ ሦስት ሦስት ደቂቃ ሰጥተናል።»

«ለእኔም?»

«ለአንቺም። ግን እባክሽ፣ የሚያንጽ ነገር ብቻ። ያንን የበሩን ነገር አታንሺው።»

«የትኛውን በር?»

«ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። በሦስቱ ደቂቃ አልተጠቀምኩም። እዚህ ግን ሰዓት የሚይዝብኝ ስለሌለ የበሩንም ነገር እጽፈዋለሁ። አንቱታን ለጋሽ ኡርማስ አስቀምጫለሁ፤ ደሳለኝ ቢከፋው አልፈርድበትም።

ጋሽ ኡርማስ የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። አገራቸው የት እንደሆነች ስንጠይቃቸው ካርታ ዘርግተው ሩሲያን በመዳፋቸው ይሸፍኑና፣ በተረፈችው ጠርዝ ላይ የትንሿን ጣታቸውን ጥፍር ያሳርፋሉ። «እዚህ። ጥፍሬ ይበልጣታል» ይላሉ። በዚያች አገር ሕዝቡ በሺህ እየሆነ ሜዳ ላይ ቆሞ ይዘምራል። እሳቸው ልጅ በነበሩበት ዘመን መንግሥት የዘፈን ቃል ይመረምር ነበር፤ ቃሉን ሲከለክሏቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ዜማውን ብቻ ያንጎራጉሩት ነበር። ያስተማረቻቸው ሴት ኃይለኛ ነበረች። አንድ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ኖታ በእጃቸው እያስገለበጠች የራሳቸውን አንዲት መስመር አላስጻፈቻቸውም። «እጅ ሳይደክም ጆሮ አይነቃም» ትላቸው ነበር፤ እሳቸውም ለእኛ ይህንኑ አወረሱን። በአገራቸው ለትልልቅ ኦርኬስትራ እንደሚጽፉ የሰማነው ከሌላ ሰው ነው። እሳቸውን ስንጠይቅ «እነዚያ ረጃጅም ናቸው» ብለው ያልፉታል። ሚስታቸውን በቀበሩ በዓመቱ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ለአንድ ዓመት ኳየር እንዲያሠለጥኑላት ጋብዛቸው አዳማ መጡ። ዘጠኝ ዓመት ቆዩ።

መጀመሪያ ያየኋቸው ግን ሞጆ ነው። እዚያ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ነበርኩ፤ ሰነድ ይዤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አስለቅቃለሁ። ፒያኖአቸው በኮንቴይነር መጥቶ ነበር። ፈታሹ ጥቁሩን ሣጥን ዞር ዞር ብሎ አየውና፣

«ይሄ ቁም ሣጥን ነው» አለ።

«ፒያኖ ነው። ሰነዱ ላይ አለልህ» አልኩት።

«ፒያኖ ከሆነ ይጩኻ።»

ለጋሽ ኡርማስ በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። ኮታቸውን አውልቀው በኮንቴይነሩ በር እጀታ ላይ ሰቀሉና፣ ወንበር ስላልነበረ ቆመው መጫወት ጀመሩ። አቧራው፣ ፀሐዩ፣ የተሰለፈው ከባድ መኪና ሁሉ ቦታው ላይ ነው። ከሰልፉ መሐል አንዱ ሾፌር ለፌዝ ይሁን ለሰላምታ ረጅም ክላክስ አደረገ። ጋሽ ኡርማስ ጨዋታውን አቆሙ። በአንድ ጣት ቁልፎቹን እየነኩ የክላክሱን ድምፅ ፈለጉ፤ ሲያገኙት ፊታቸውን አኮማትረው አንድ ነገር አሉኝ።

ወደ ሾፌሩ ዞሬ «መኪናህ ጉንፋን ይዞታል፤ ድምፁ ትንሽ ወርዷል ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩለት።

«የእሳቸውንም ጭንቅላት ፀሐይ መትቶታል በያቸው» አለኝ።

ተረጎምኩላቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለሾፌሩ ጎንበስ አሉለት። እሱም እንደገና ክላክስ አደረገ፣ እሳቸው በዚያ ድምፅ ላይ ሌሎች ድምፆች ደረቡበት፣ እሱ ደገመ፣ እሳቸው ጨመሩ። ፈታሹ ማኅተሙን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ያ ሾፌር ጫላ ይባላል። ከሳምንት በኋላ ኳየራችን ውስጥ ቤዝ ሆኖ አገኘሁት።

አዳማ ነፋሱ እንጨት ይሰነጥቃል። ፒያኖው እንዳይደርቅባቸው ጋሽ ኡርማስ በታች በኩል ከፍተው ውሃ የሞላ ሳህን ያስቀምጡበት ነበር፤ በየሦስት ቀኑ ይሞሉታል። ጎረቤት ይህን ሲያይ ጉድ አለ። ፈረንጁ ዕቃውን ውሃ ያጠጣዋል ተባለ። አከራያቸው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ሲያገኟቸው «ላሚቱ ጠጣች?» ይሏቸዋል። የፒያኖው ስም በዚያው «ላሚቱ» ሆኖ ቀረ። በአገራቸው ጋዜጣ ስማቸው የሚጠራ ሰው፣ አዳማ ላይ ላሚቱን የሚያጠጡት ሽማግሌ ነበሩ። ቅር ሲላቸው አላየሁም።

በልምምድ ላይ ግን ምሕረት የላቸውም። ቅዳሜ ከሰዓት ስንሰበሰብ መጀመሪያ ምንም አንዘምርም፤ ዝም ብለን ውጭውን እንሰማለን። ባጃጅ፣ ነፋስ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ያነሣሉ። በመጀመሪያው ወር፣ ስንዘምር «ኤይ፣ ኤይ» ይሉ ነበር። ግማሹ ሰው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፣ ሌላውም ከተማው አስለምዶታል፤ «ኤዬ» ማለት «አዎ» ነው። ስለዚህ «ኤይ» ባሉን ቁጥር ያንኑ ቦታ አጠንክረን እንለዋለን። እሳቸው «ኤይ» ይላሉ፣ እኛ እንጨምራለን። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ ጫላ እጁን አወጣ።

«ጋሽ ኡርማስ፣ ኤዬ ካሉ ለምንድነው ፊትዎ ሎሚ የጠጣ ሰው የሚመስለው?»

ለካ በእሳቸው ቋንቋ «ኤይ» ማለት «አይደለም» ነው። ነገሩ ሲገባቸው ላሚቱ ላይ ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦሮምኛውን «ላኪ» ያዙ፤ እምቢታ በእሱ ሆነ። ጫላም አላለፋቸውም። «በቃ ጋሽ ኡርማስ ላኪ፣ እትዬ አበራሽ አስመጪ» አለ። ትራንዚተር መሆኔን መንካቱ ነው። ያን ቀን እኔም ሳቅሁ፤ ብዙ ጊዜ ኳየር ውስጥ ስስቅ አልታይም ነበር።

የማልስቅበት ምክንያት ነበረኝ። ጋሽ ኡርማስ ከመምጣታቸው ከዓመታት በፊት ሶሎ ልዘምር ተለማምጄ፣ ቀሚስ አሰፍቼ፣ ሰዎቼን ጠርቼ ነበር። በዋዜማው ደሳለኝ በሰው ፊት «እህት አበራሽ፣ የአንቺ ድምፅ ለጸሎት እንጂ ለዝማሬ አልተሰጠም» ብሎ ሶሎውን ለሌላ ሰጠው። ድምፄ ወፍራምና ሻካራ ነው፤ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ከአልቶዎች ኋላ ቆሜ በግማሽ አፍ ነበር የምዘምረው። ማንም ልብ አላለም። ጋሽ ኡርማስ ግን ልብ አሉ።

«አፔራሽ» አሉኝ አንድ ቅዳሜ። «በ» ምላሳቸው ላይ «ፐ» ይሆንባቸዋል። «ለምን ትደበቂያለሽ?»

«ድምፄ ሻካራ ነው።»

«አዎ። ድምፅሽ በር ነው። የድሮ በር። ዘይት አትቀቢው።»

በር መባሌ ሙገሳ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያኔ አኮረፍኩ። የሶፕራኖ ልጆች «ኦፔራሽ፣ በሩን ክፈቺው» እያሉ ሲቀልዱ ወሩ አለቀ።

ከመንገድ ድምፅ እንድናመጣ የሚያዙን የቤት ሥራ ነበራቸው። አንዱ የሱቅ መዝጊያ ሲወርድ የሚያሰማውን አመጣ፤ ጫላ «ሞጆ፣ ሞጆ፣ ሞጆ» የሚል የሚኒባስ ረዳት አመጣ። የእኔ ተራ ሲደርስ አንድ ቃል ይዤ ሄድኩ። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ጫማ ሻጭ ሱቁን በጨርቅ ጋርዶ ሲወጣ፣ ለጠበቀው ደንበኛ ሁሉ «መጣሁ» ይላል። እኔ ይህን ያመጣሁት ዜማው ደስ ስላለኝ ነው፤ «ጣ» ላይ ይጎትተዋል። ጋሽ ኡርማስ ግን ቃሉ ላይ ቆሙ።

«ሰውየው እየመጣ ነው?»

«አይደለም። እየሄደ ነው።»

«እየሄደ ‹መጣሁ› አለ?»

«አዎ።»

«ስለዚህ ይዋሻል።»

«አይዋሽም። እንዲህ ነው የሚባለው። ‹ሄድኩ› ካለማ ሰው ይከፋዋል።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከኪሳቸው እርሳስ አውጥተው ቃሉን በራሳቸው ፊደል ጻፉትና ብዙ ጊዜ አዩት። የዚያን ቀን ልምምድ በዚያው ቀረ።

ለአዳማ የጻፉት ብቸኛ ትልቅ ሥራ በዚህ ቃል ላይ የተሠራ ነው። ሌላ ግጥም የለውም፤ «መጣሁ» ብቻ። ሶፕራኖዎቹ ብለውት ዝም ይላሉ፣ ቴነሮቹ ይከተላሉ፣ ቤዞቹ ይከተላሉ። በመጨረሻ አንዲት አልቶ «መጣ…» የሚለውን እየጎተተች በጉባኤው መሐል ሄዳ በኋላው በር ትወጣለች፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች። ከዚያ አራት ምት ዝምታ አለ። ከአራቱ ምት በኋላ «ሁ» ከውጭ ትሰማለች። ያቺን አልቶ እኔን አደረጉኝ። ደሳለኝ ሊከራከር ቢሞክር «በር እፈልጋለሁ። ሌላ በር የለኝም» አሉት።

የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ከአርሲ ነገሌ ሳይቀር የመጡ መዘምራን ነበሩ። እየዘመርኩ ሄድኩ፣ ወጣሁ፣ በሩን ገርበብ አደረግሁ። መቁጠር ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት ላይ ስደርስ ከውስጥ የደሳለኝን ድምፅ ሰማሁ።

«አሜን፣ ጌታን በጭብጨባ እናክብር።»

አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተናወጠ። እኔ «ሁ»ዬን ለግቢው ጥበቃና ለቆሙት ሁለት ባጃጆች ዘመርኩ። ስመለስ አንዷ እህት ትከሻዬን እያሻሸች «አይዞሽ፣ ኖታ ማንም ላይ ይጠፋል» አለችኝ። ደሳለኝ ደግሞ ለሰው ሁሉ «ስትዘገይ ጊዜ ላድናት ብዬ ነው» ይል ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ለዓመታት የታወቅሁት «ኖታ የጠፋባት» ተብዬ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ኡርማስ ያጽናኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አፔራሽ» አሉኝ። «ግማሽ ምት ዘገየሽ።»

«ማንም ያልሰማውን ነው የሚቆጡኝ?»

«እኔ ሰማሁ። ባልሰማ ዘገየሽ እላለሁ?»

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት ቀረሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጫላ ቤቴ ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ አንቺ ውጭ ስለነበርሽ አላየሽም» አለኝ። «ሰዉ ሲያጨበጭብ ጋሽ ኡርማስ እጃቸውን አላወረዱም። ሁላችን ጨርሰን የእሳቸው እጅ እንደተነሣ ነው። ደሳለኝ ሊጨብጣቸው መጥቶ እንኳ አላዩትም። ወደ በሩ ያዳምጣሉ። አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ እጃቸው ወረደ።»

በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ቆጥረው፣ ጠብቀው፣ መዘግየቴን ለይተውታል። ሰው በዕድሜው ስንት ጊዜ እንዲህ ይሰማል? እኔ አንዴ ነው።

ያም ሆኖ ቂሜን ሙሉ በሙሉ አላነሣሁላቸውም። ተመልሼ ስሄድ «ተነሥተው ለጉባኤው ይንገሩልኝ፤ ስሜ ጠፋ» አልኳቸው።

«ሙዚቃ አይከራከርም» አሉኝ። «ይደገማል።»

ግን አልተደገመም። ደሳለኝ ለበዓል ፕሮግራም ሲያወጣ ሁልጊዜ ሌላ መዝሙር ይገባል፤ «ይሄ በር የሚከፈትበት ነገር ሕዝቡን ያደናግራል» ይላል። ጋሽ ኡርማስም ሌላውን ሥራ ሲያስጠኑን ዓመታት አለፉ። ቀጥሎ ሳል ያዛቸው። አገራቸው ሄደው እንዲታከሙ ሐኪም አዘዘ። የተከራዩትን ቤት ለቀው ላሚቱን ለቤተ ክርስቲያን ሰጡ። የሚሄዱ ቀን ጫላ መኪና ይዞ መጥቶ ሻንጣቸውን ጫነ፤ አንድ ሻንጣ ናት። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ሲወጡ ትንፋሻቸው ይቆራረጥ ነበር።

«መቼ ይመለሳሉ?» አልኳቸው።

መኪናው ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። እንደ ጫማ ሻጩ «ጣ» ላይ ጎተት አድርገው፣ «መጣሁ» አሉ።

ቃሉን እንዲህ አስተካክለው ሲሉት የመጀመሪያቸው ነበር። የማርመው እንኳ ምንም አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ነው። ኳየር ትቻለሁ፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። በየሦስት ቀኑ ግን ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የላሚቱን ሳህን እሞላለሁ። ደሳለኝ ኪቦርድ ስለሚወድ ላሚቱ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ደርድሮበታል። አበባውን አነሣለሁ፣ ውሃውን እሞላለሁ፣ አበባውን እመልሳለሁ።

እሑድ ለመታሰቢያው ስንገባ የታተመች ወረቀት ታደለን። «መጣሁ» እንደሚዘመር ተጽፎባታል። ከሥሩ ደግሞ «ቃሉ ከወንድም ደሳለኝ የተገኘ» ይላል። መነጽሬን አውልቄ ወልውዬ እንደገና አነበብኩት። ያው ነው። ጫላን ከመዘምራኑ መሐል ጠርቼ እንዴት እንደሚዘመር ጠየቅሁት።

«ደሳለኝ ቀይሮታል፣ እትዬ» አለኝ ዝቅ ብሎ። «በር የሚባል ነገር የለም። ‹ሁ›ን ሁላችንም አንድ ላይ፣ ከኪቦርድ ጋር፣ ከውስጥ ነው የምንለው።»

ኋላ ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የመናገር ተራዬ ደርሶ ስሜ ሲጠራ አልናገርም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ደሳለኝ እፎይ ሲል ከሩቅ ታየኝ። ከዚያ ጀመሩ። ሶፕራኖዎቹ አሉት፣ ዝም አሉ። ቴነሮቹ አሉት። ቤዞቹ አሉት፤ የጫላ ድምፅ አሁንም ከሥር አለ። አንዲት ወጣት አልቶ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ «መጣ…» ብላ መጎተት ስትጀምር ወንበሩን ይዤ ተነሣሁ።

አጠገቤ ያለችው ሴት ቀሚሴን ያዝ አድርጋ «ወዴት ነው?» አለችኝ።

«መጣሁ» አልኳት።

ወጣሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩት። ጥበቃው የሄድኩ መስሎት ስገባ እዚያ የተውኩትን ምርኩዜን ሊያቀብለኝ ተነሣ፤ በእጄ ምልክት መልሼ አስቀመጥኩት። ነፋሱ እንደ ልማዱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። የልጅቷ ድምፅ ከውስጥ አለቀ። የኪቦርዱንና የሁሉንም «ሁ» ጠበቅሁ።

አልመጣም።

አንድ። ሁለት። ሦስት ላይ ጭብጨባ ይመጣል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልመጣም። አራት። ከዚያ «ሁ» አልኩ፤ በቀረኝ ድምፅ፣ ዘይት ባልነካው።

የሆነውን ጫላ ነው ኋላ የነገረኝ። ደሳለኝ ሁሉንም ሊያስጀምር ሁለት እጁን አንሥቶ ነበር። የኋላው በር ሲንቀሳቀስ አየ። እጁን ጨበጠ፤ መዘምራኑም ዝም አሉ። እኔ እስክጨርስ እንደጨበጠ ቆየ፤ ሊያጨበጭብ የተነሣውንም ሰው በዓይኑ አስቀመጠው። ይህንን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጫላ አይዋሽም፣ እኔም አልዋሽም።

ደሳለኝ ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን። ዓይኑ ቀልቷል።

«እህት አበራሽ፣ ተባረኪ።»

«ወረቀቱ ላይ ያለውን አርም» አልኩት። «ቃሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለ። እስካሁን አላረመውም፤ እጠብቃለሁ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ገብቼ አበባውን አነሣሁ፣ የላሚቱን ሳህን ሞላሁ። ውጭ የቆጠርኩትን በጣቴ እንደገና ቆጠርኩት። ግማሽ ምት ዘግይቻለሁ። የነገረኝ ሰው የለም።